ማሽኔ «የለም» ያለ ዕለት

ያኔ እኔን ማየት ነበረባችሁ። አንገቴ ላይ መታወቂያ፣ ትከሻዬ ላይ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ አፌ ላይ እንግሊዝኛ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከደብረ ማርቆስ ወደ እንጅባራ ስመደብ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ቢገባም ኩራቴን አላበረደውም። አባቴ «ይበልጣል» ብለው ስም ሲያወጡልኝ ከማን እንደምበልጥ አልነገሩኝም፤ እኔ ግን ከሁሉም ነው ብዬ ተረድቼው ነበር።

ሥራዬ እንዲህ ነው። በአዊ ዞን ያሉ ሦስት የጤና ተቋማት፣ አንዱ እንጅባራ፣ አንዱ ዳንግላ፣ አንዱ ጫግኒ፣ የታካሚዎቻቸውን ስም በኮምፒውተር መያዝ ጀምረው ነበር። የተቋማቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነሱ አይደለም። የተፈለገው አንድ ሰው እንጅባራ ላይ ቁጭ ብሎ ስም ሲጽፍ ሦስቱም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ተጠይቀው መልሱ አንድ ላይ እንዲመጣ ነው። ሦስት ጎረቤቶችን በአንድ ጩኸት «ዶሮዬን አያችኋት ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ በሉት። ይህንን የሚሠሩ የፍለጋ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። የትኛው እንደሚታመንና የትኛው ለአጠቃቀም እንደሚቀል አወዳድረን እንድንመርጥ የታዘዝነው እኔና ዳንግላ የምትሠራው እቴነሽ ነበርን።

እቴነሽ የዳንግላ ልጅ ናት። እንደ እኔው ኮምፒውተር የተማረች፣ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ከብዙዎቹ ሁለት ፕሮግራሞች ሲቀሩን ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት፤ አንዱን «ጮሌው»፣ ሌላውን «ግትሩ» አለቻቸው።

ጮሌው የሚወደድ ነገር ነበር። ጫንከው፣ አበራኸው፣ አለቀ። ሌሎቹን ማሽኖች ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል፤ ገጹም ዓይን ይይዛል። ግትሩ ግን ከሴት አያት ጋር እንደ መሟገት ነው። ሁሉንም ነገር በእጅህ ካልጻፍክለት አይነሳም፤ አንዲት ነጥብ ከተሳሳትክ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ይውላል። ስንፈትናቸው እቴነሽ ዳንግላ ላይ የኔትወርኩን ገመድ ትነቅላለች፣ እኔ እንጅባራ ላይ ስም እፈልጋለሁ። ግትሩ «ዳንግላ አልመለሰም፤ የተሟላ መልስ መስጠት አልችልም» ብሎ ጭራሽ አፉን ይዘጋል። ጮሌው ከሁለቱ ማሽኖች ያገኘውን ይዞ ወዲያው ብቅ ይላል፤ ከገጹ ሥር ብቻ በትንንሽ ቀይ ፊደል «አንዱ ማሽን አልመለሰም» የምትል መስመር ያስቀምጣል።

«ይሄ ጮሌህ ውሸታም ነው» አለችኝ በስልክ።

«አይዋሽም፤ ያገኘውን ነው የሚናገረው።»

«ያላገኘውንስ? ይበልጣል፣ እዚህ እኮ የሚፈለገው የታመመ ሰው ነው። አላውቅም የሚል ማሽን ይሻለኛል።»

«አላውቅም ለማለትማ ምን ማሽን ያስፈልጋል? እኔስ መች አቃተኝ?»

እሷም ሳቀች፣ ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። ኃላፊዎቹ ፊት ሁለቱንም የምናሳይበት ቀን ደረሰና፣ በዚያው ቀን ኔትወርኩ ይቆራረጥ ጀመር። ግትሩ እንደ ልማዱ «አልችልም» አለ። አንዱ ኃላፊ «ይሄስ እንደ ቀበሌያችን ነው፣ ነገ ተመለሱ ይላል» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ጮሌው ግን ስም ሲጻፍለት ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ መለሰ። ጭብጨባው የእኔ ነበር፤ የተመረጠውም ጮሌው። እቴነሽ ከኋላ ቆማ ልትናገር እጇን ስታነሳ አይቻታለሁ፤ አይቼም ስብሰባውን አመስግኜ ዘጋሁት።

ኃላፊው ሲወጡ ቀይዋን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። «ይቺ ምንድን ናት? ተጠቃሚ ታስደነግጣለች።»

«አጠፋታለሁ» አልኩ፤ አጠፋኋትም። እቴነሽ ሰምታ ስትደውል «ለአጠቃቀም እንዲቀል ነው» አልኳት። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እንግዲህ ወደ ዕለቱ ልግባ። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከዋዜማው ጀምሮ ሲወርድ አድሮ ነበር። ጠዋት ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ የጭነት መኪና ዳንግላ ሳይደርስ ተገለበጠ። ከከሰሉ ማዳበሪያ ላይ የተሳፈሩ ሰዎች ነበሩበት። አላፊ መኪና ሁሉ የቻለውን እያነሳ ከፊሎቹን ወደ ዳንግላ፣ ከፊሎቹን ወደ እኛ አመጣቸው። የሞቱም ነበሩ።

እኩለ ቀን ገደማ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የዝናብ ገሳቸውን በር ላይ አውልቀው ወደ ካርድ ክፍል ገቡ። እኔ አንድ የተበላሸ ማተሚያ እየጠገንኩ እዚያው ነበርኩ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

«ደህና ዋላችሁ ልጆቼ። ፈንታ እባላለሁ። ልየው አያሌው የሚባል ልጅ መጥቶላችኋል? የወንድሜ ልጅ ነው፤ ከከሰሉ ላይ ተሳፍሮ ነበር።»

ካርድ የምታወጣው ልጅ ክፍሎቹን ጠይቃ መጣችና እኛ ጋ አለመምጣቱን ነገረቻቸው። ሰውዬው አልተከራከሩም። ገሳቸውን አነሱና «እንግዲያው ወደ ዳንግላ ልለፍ» አሉ።

ምነው በሄዱ! ምነው ምላሴን በቆረጠው! እኔ ግን ካለሁበት ዘልዬ ተነሳሁ።

«በዚህ ዝናብ የት ይሄዳሉ ጋሽ ፈንታ? ቁጭ ይበሉ እንጂ። እዚሁ ሆኜ ዳንግላንም ጫግኒንም አይልዎታለሁ።»

«ከዚህ ሆነህ?»

«ከዚህ ሆኜ።»

ቁጭ አሉ። ስሙን ጻፍኩ፤ ባዶ። በአባቱ ስም ጻፍኩ፤ ባዶ። በዕድሜው፣ በቀበሌው ሞከርኩ፤ ባዶ። ጋሽ ፈንታ የኮምፒውተሩን ማያ ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር የሚያዩት።

«የለም» አልኩ።

«በሦስቱም?»

«በሦስቱም።»

አሁን ልብ በሉልኝ። በዚያው ጠዋት ለእቴነሽ ደውዬ ስልኳ አልገባልኝም ነበር። ዝናብ ሲበረታ የዳንግላ መስመር እንደሚቋረጥ ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ቀይዋ መስመር ብትኖር ኖሮ ትጮህብኝ ነበር። ሳትጮህብኝም ማሰብ እችል ነበር። ግን ማሽኑ በፍጥነት መለሰ፣ ሰውየው በአድናቆት አዩኝ፣ እኔም «በሦስቱም» አልኩ።

ጋሽ ፈንታ ገሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ፖሊሱ ከሞቱት አንዱ አልተለየም ብሎኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ወጣት ነው አለ። ፊቱ ተጎድቷል፤ ለምርመራ ወደ ባሕር ዳር ወስደውታል። እኔ ቁስለኛ ሆኖ አንዱ ጋ አላጣውም ብዬ ነበር።» ከዚያ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአውኝኛ፣ ለራሳቸው አንድ ነገር አሉ። አልገባኝም፤ እንዲተረጉሙልኝም አልጠየቅሁም።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው።

«አሜን። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ከእንግልት አዳንከኝ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑኝ። ማታ እራት ላይ ለጓደኞቼ «ሰውየው ዳንግላ ድረስ ሊንከራተት ነበር፣ በአንድ ደቂቃ ገላገልኩት» ብዬ አወራሁ። አዎ፣ አውርቻለሁ።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ማሽኔን ከፍቼ ለምን እንደሆነ እንጃ ያንኑ ስም ጻፍኩ። ሌሊቱን ስሙ አፌ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ልየው አያሌው፣ ዳንግላ፣ የእግር ስብራት፣ ተኝቶ የሚታከም። የገባው በትናንትናው ዕለት ጠዋት፣ ጋሽ ፈንታ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት።

ስልኬን አንስቼ የእቴነሽን ቁጥር አወጣሁ። ሄደሽ በዓይንሽ እይልኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ምን ብዬ ልጀምር? ያቺን መስመር አጥፍቼ አንድ ሰው ገደልኩ ልበላት? አፈርኩ። አፍሬ ስልኩን ኪሴ ውስጥ መልሼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

አዲስ ቅዳም ስወርድ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ጋሪ አልሄድም አለ። በእግሬ ሄድኩ። ቤቱን ማግኘት አልከበደኝም፤ የጠየቅኳቸው ሁሉ «የልየው ለቅሶ ነው?» እያሉ መንገዱን አሳዩኝ። «አዎ» እያልኩ አለፍኩ። ሌላ ምን ልበል?

የአገራችንን የመርዶ ሥርዓት ታውቁታላችሁ። እናት በድንገት አይነገራትም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፏት ሴቶች ተዘጋጅተው፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሯ ይንኳኳል። ለወይዘሮ አንጓች፣ ለልየው እናት፣ በዚያ ንጋት እንደ ሥርዓቱ ተነግሯቸው ነበር። እኔ ስደርስ ሰው በዳሱ ሥር ሞልቷል፤ ለቅሶው በአውኝኛም በአማርኛም ይወርዳል። እናትየው መሀል ላይ ነበሩ። ጸጉራቸውን ተላጭተዋል፤ ፊታቸውን ቧጥጠው ደሙ ጉንጫቸው ላይ ደርቋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የልጃቸውን ጃኬት በእጃቸው ያነሳሉ፣ ይጥላሉ።

ጋሽ ፈንታ ከሩቅ አዩኝና ተነሱ። «መጣህ ልጄ? እግዜር ያክብርህ፣ ትናንት የረዳኝ ልጅ እኮ ነው» ብለው ለሽማግሌዎቹ አስተዋወቁኝ። ቦታ ተለቀቀልኝ። ለቅሶ ደራሽ መስዬያቸው ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ጋሽ ፈንታ» አልኩ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ። «ጋሽ ፈንታ፣ ልየው አልሞተም። ዳንግላ ነው ያለው። እግሩ ነው የተሰበረው።»

አጠገባችን ያሉት ዝም አሉ፤ ዝምታው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ዳሱ ሁሉ ጸጥ አለ። ጋሽ ፈንታ እንዳልሰማ ሰው አዩኝ።

«ትናንት በሦስቱም የለም አልከኝ እኮ።»

«ተሳስቼ ነው። መስመሩ ተቋርጦ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ተናገሩ። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። አንተ የትኛው ነህ ልጅ?»

በዚህ መሀል ወይዘሮ አንጓች ሴቶቹን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ወደ እኔ መጡ። የሚጮሁ መስሎኝ ነበር፤ አልጮሁም። ልብሴን ጨምድደው ያዙ።

«አየኸው?» አሉኝ።

«እናቴ፣ ስሙ...»

«ልጄን በዓይንህ አየኸው ወይ ነው ያልኩህ።»

ያኔ ነው የገባኝ። አላየሁትም። ትናንት ገድዬ የላክሁትም፣ ዛሬ አስነስቼ የመጣሁትም ያው በአንድ ማሽን ቃል ነው። ሌሊት ሞቶ ቢሆንስ? ሌላ ልየው ቢሆንስ? እቴነሽን ብጠይቃት ኖሮ አሁን የምመልሰው ነበረኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ እዚያ አካባቢ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

«አላየሁትም» አልኩ። «ማሽኑ ላይ ነው ያየሁት።»

አንዱ ጎረምሳ «ይሄ ሰው በእናት ይቀልዳል እንዴ?» ብሎ ወደ እኔ ተንደረደረ። ጋሽ ፈንታ መሀል ገብተው ያዙት። እናትየው ግን ልብሴን ለቀቁና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ፈንታ፣ ተነስ እንሂድ» አሉ። ዳሱ ሥር ያለው ሰው ይልቀስ፣ ይሳቅ፣ ይቀመጥ፣ ይነሳ ግራ ገብቶት ቀረ።

ሦስታችን ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እናትየው መሀል፣ የልየውን ጃኬት ታቅፈው። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ጮኸ። «እናቴ፣ አሁን ደውዬ ልጠይቅልዎት እችላለሁ» አልኩ።

«አትደውል» አሉኝ ሳያዩኝ። «ከእንግዲህ በሰው አፍ አልሰማም።»

ስልኩን አጠፋሁት። የባሰው ግን ጋሽ ፈንታ ቀጥለው የተናገሩት ነበር። አስከሬን የሚያመጡ ሁለት ሰዎች ጎህ ሳይቀድ ወደ ባሕር ዳር ተልከዋል፤ መንገዳቸው በዳንግላ ነው። ልጁ ከተኛበት ግቢ ፊት ለፊት ሬሳውን ፍለጋ አልፈዋል ማለት ነው። እስክንደርስ ድረስ «አምላኬ ሌላ ልየው አይሁን» ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

እቴነሽ በር ላይ አገኘችን። የእናትየውን ራስ አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። «ልየው አያሌው» አልኳት። ቀድማ መራችን።

ልየው ነበር። እግሩ በእንጨት ታስሮ፣ በመስኮቱ በኩል ባለ አልጋ ላይ። የአጠገቡ በሽተኛ ሚስት ከራሷ ባል ድርሻ ቀንሳ እያጎረሰችው ነበር። «ሌሊቱን ሙሉ በር በሩን ሲያይ ነው ያደረው» አለችን። «አስታማሚ ስለሌለው ማስታገሻውን ከውጭ የገዛለት የባሌ ወንድም ነው። ወደ ባሕር ዳር እንላከው ሲሉም አብሮት የሚሄድ ሰው ጠፋ። ዘመድ የሌለው መስሎን አዘንን።»

ልጁ ቀና አለ። እናቱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከዚያ የተላጨውን ራሳቸውን፣ የተቧጠጠውን ጉንጫቸውን አየና ከትራሱ ሊነሳ ሞከረ።

«እማ! ማን ሞቶ ነው?»

ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ማንም አልሞተም» አሉና አልጋው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ጋሽ ፈንታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ቁጢጥ አልኩ።

እቴነሽ ተከትላኝ ወጣች። የምትሰድበኝ መስሎኝ፣ ስድቡንም ፈልጌው ነበር። እሷ ግን «ጠዋት ለምን አልደወልክልኝም?» ብቻ አለችኝ።

«አፍሬ» አልኩ።

ልየው በዚያው ቀን ወደ ባሕር ዳር ተላከ። እግሩ ድኗል፤ ያነክሳል። አንድ ሌሊት ቀድሞ ቢላክ ኖሮ አያነክስም ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ «እሱን ማንም ሊነግርህ አይችልም» አለኝ። አስከሬን ፍለጋ የሄዱት ሁለቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያ ወጣት የሌላ እናት ልጅ ነበር፤ እኛ «ተመስገን» ስንል እሷ ገና አልተነገራትም።

ኃላፊዎቹ ፊት ቀርቤ ያደረግሁትን ተናገርኩ፤ ጮሌው ወርዶ ግትሩ ተጫነ። እስኪነሳ ድረስ እኔንና እቴነሽን ስንት ሳምንት አንገላታን። አጠቃቀሙ ዛሬም ይከብዳል። ዝናብ ሲጥል «ዳንግላ አልመለሰም» ይላል፤ ሠራተኛው «ይሄ ነገር ዛሬም አይሠራም» እያለ ያማርራል። እየሠራ እንደሆነ ላስረዳ እሞክራለሁ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ «የለም» የምትለውን ቃል እፈራታለሁ። ልጄ «እስክሪብቶዬ የለም» ሲለኝ እንኳ የት የት እንደፈለገ አስቆጥረዋለሁ፤ ሚስቴ በዚህ ትስቅብኛለች። እናንተም ጠረጴዛ ኋላ ቁጭ ብላችሁ ለሰው መልስ የምትሰጡ ከሆነ ያልጠየቃችሁትን ቦታ አብራችሁ ንገሩት። ባለጉዳዩ ይቆጣችሁ ይሆናል፤ ይቆጣ።

ከሁለት ክረምት በኋላ ጋሽ ፈንታን ግቢያችን ውስጥ አየኋቸው። ልትወልድ ከቤት የወጣች የእህታቸውን ልጅ ወዴት እንደወሰዷት አላወቁም። ሰላምታቸው ሙሉ ነበር፤ አቅፈው ሳሙኝ፣ ስለ ልጄ ጤና ጠየቁኝ። «ልይልዎት ጋሽ ፈንታ? አሁን እኮ ተስተካክሏል፤ ካልመለሰ አልመለሰም ይላል» አልኳቸው።

«እሺ፣ እይልኝ ልጄ» አሉኝ።

ገብቼ ጻፍኩ። ሦስቱም ማሽኖች መልሰው ነበር። ለእቴነሽም ደወልኩ፤ ሄዳ በዓይኗ አየቻት፣ ወንድ ልጅ ወልዳለች። እየሮጥኩ ወጥቼ «ዳንግላ ናት ጋሽ ፈንታ! ወንድ ልጅ! ሰው አይቷታል!» አልኳቸው።

«እሰይ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ ራሳቸውን ነቅንቀው። ከዚያም ገሳቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው የእኛን ክፍሎች አንድ በአንድ እያንኳኩ፣ በእያንዳንዱ አልጋ ላይ ያለችውን ሴት ፊት እያዩ መፈለጋቸውን ቀጠሉ።